ንጹሕ መብራት፣ ጭሳም ሞተር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ ወደ ጉማራ ድልድይ ይወርዳል። ከድልድዩ ማዶ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ክረምት ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ይህ ሜዳ ከኅዳር ጀምሮ መልኩን ይለውጣል። ሩዙ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ በኩንታል እየተሞላ ወደ ወረታ ይጫናል። ወረታ ላይ የመፈልፈያ ማሽኖች ይጠብቁታል። መብራት ካለ ማሽኑ በቆጣሪ ይሠራል። መብራት ከሄደ ግን ባለቤቱ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ወረፋ የያዘውን ገበሬ ጠብቅ ማለት፣ ወይ ጄኔሬተር ማስነሳት።

ለገበሬው ልዩነቱ ብዙም አይታይም። በሁለቱም መንገድ ሩዙ ተፈልፍሎ፣ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለአየር ንብረት ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ95 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከታዳሽ ምንጭ፣ በዋናነት ከውኃ ነው። በቆጣሪ የሚዞር ማሽን ለሚያወጣው ሥራ የሚቃጠል ነዳጅ የለም ማለት ይቻላል። ጄኔሬተር የሚያቃጥለው እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ግን 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይለቃል።

ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ስለ ታዳሽ ኃይል የሚያነሱት ጥያቄና የወረታ ባለ ወፍጮ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ አይደለም። እዚያ ጥያቄው ንጹሕ ኃይል ከየት ይገዛል የሚል ነው። እዚህ ንጹሕ ኃይሉ ከምሰሶው ላይ አለ፤ ጥያቄው ሳይቆራረጥ ይደርሳል ወይ የሚል ነው።

የውጭዎቹ ኩባንያዎች ምን አደረጉ?

ዓለም ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ሲሶ ያህሉ ዛሬም ከድንጋይ ከሰል ይመነጫል። በዚያ መረብ ላይ የተገናኘ ፋብሪካ በግቢው ውስጥ አንዲት ጭስ ማውጫ ባይኖረው እንኳ መብራት ባበራ ቁጥር ሌላ ቦታ ከሰል ይቃጠልለታል። የካርቦን ልቀት አቆጣጠር ይህንን ለመያዝ ልቀትን በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ድርጅቱ ራሱ ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚወጣው ነው፤ የመኪናው፣ የጄኔሬተሩ፣ የማሞቂያው። ሁለተኛው ከገዛው ኤሌክትሪክ ጀርባ ያለው ነው። ሦስተኛው ጥሬ ዕቃ ከሚያቀርቡለት ጀምሮ ምርቱን እስከሚጠቀሙት ድረስ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 «ክላይሜት ግሩፕ» የተባለው ድርጅት «አር ኢ 100» የሚል ዘመቻ ጀመረ። የገቡት ኩባንያዎች የሚጠቀሙትን ኤሌክትሪክ በሙሉ ከታዳሽ ምንጭ ለማድረግ ቃል ገቡ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የስዊድኑ የቤት ዕቃ ሻጭ አይኪያ ነበር። ጉግል በ2017 በዓመት የሚጠቀመውን ያህል ታዳሽ ኃይል መግዛቱን አስታወቀ።

ይሁንና የዓመቱ ሒሳብ መሙላቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ራሱ ጉግል አምኗል። ፀሐይ ቀን ላይ ያመነጨችው ተገዝቶ፣ ሌሊት ላይ ያለው ሥራ በከሰል ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ኩባንያው በ2020 እያንዳንዷን ሰዓት ከካርቦን ነጻ በሆነ ኃይል ለመሥራት የ2030 ግብ አስቀመጠ። ይህ የሰዓት ጉዳይ ለፎገራ ሰው እንግዳ አይደለም። በዓመቱ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ገባ ከሚለው ይልቅ፣ ማሽኑ በተፈለገበት ሰዓት መብራት ነበር ወይ የሚለው የእሱም ሒሳብ ነው።

የሜዳው ውኃ በሽቦ ሲመለስ

አማራ ክልል ውስጥ ፋብሪካን በታዳሽ ኃይል ማሠራት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃይል ያገኘው ከጢስ ዓባይ ነበር። በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጭ ነበር። ያኔ ስለ ካርቦን የሚያነሳ ሰው አልነበረም፤ ውኃው ከፋብሪካው ብዙም ስለማይርቅ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ጢስ ዓባይ 73 ሜጋ ዋት ጨመረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በግንቦት 2002 ዓ.ም. ነው። የጣና በለስ ጣቢያ ከጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ውኃ ወስዶ፣ በዋሻ አሳልፎ፣ ወደ በለስ ወንዝ እየጣለ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ጣና የሚሞላው ደግሞ በዋናነት በአራት ወንዞች ነው፤ በግልገል ዓባይ፣ በመገጭ፣ በርብና በጉማራ። ፎገራን ክረምት ላይ የሚያጥለቀልቀው ውኃ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ፣ ከፊሉ በለስ ላይ ተርባይን ያዞራል። ከዚያም በበለስ ወንዝ በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ ጉባ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ዘንድ ሁለተኛ ጊዜ ይሠራል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ይህ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነበር።

አገሪቱ ኃይል ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ትሸጣለች። ወደ ሱዳን የሚሄደው መስመር በጎንደርና በሸኸዲ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመነጩ የውጭ ኩባንያዎችም ብዙ ሜጋ ዋት በዶላር ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ለአዳዲስ አመልካቾች ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ገልጿል። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። ኃይሉ ከግድቡ መውጣቱና የወረታ መፈልፈያ ቤት መድረሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ይህ ያሳያል። አንደኛው የተርባይን ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የማከፋፈያ ጣቢያ፣ የትራንስፎርመር፣ የምሰሶና የሽቦ ሥራ ነው።

መብራት ሲሄድ

ችግሩ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። የሩዝ መፈልፈያ በተራ የቤት መስመር አይሠራም፤ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ለመኖሪያ ቤት ታስቦ የተተከለ ከሆነ፣ በአንድ መስመር ላይ አምስትና ስድስት ትልልቅ ሞተሮች ሲነሱበት ይጨናነቃል። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ሲዞር ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሩዝ ወቅት ሲሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያስነሳል። ኃይሉ ይወርዳል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩ ራሱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና መጠበቅ ነው።

ከዚህ ሌላ አገራዊው ችግር አለ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲቀንስ መብራት በመላ አገሪቱ በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ፋብሪካዎችም ፈረቃው ደረሳቸው። በውኃ ላይ ብቻ የቆመ ኃይል ዝናብ ሲያጥር እንዴት እንደሚሆን ያ ጊዜ አሳይቷል። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ጣቢያዎች የተሠሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ነፋሱ የሚበረታው ውኃው በሚያንስበት በበጋ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለው ግጭት የተበላሸ መስመር መጠገንንም ነዳጅ ማመላለስንም አክብዷል።

መብራት ሲጠፋ የሚወጣውን ወጪና ጭስ በቁጥር ማየት ይቻላል። 15 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው አንድ መፈልፈያ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይፈጃል። ይህንን ኃይል በመካከለኛ የናፍጣ ጄኔሬተር ለማምረት 40 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። 40 ሊትር በ2.7 ሲባዛ 108 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከአንድ ኩንታል በላይ ነው፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማሽን።

የገንዘቡ ሒሳብ ከጭሱ ይልቅ ባለቤቱን ያሳስበዋል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋጋው ይበልጥ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። ናፍጣውን በ100 ብር ብቻ ብናስበው የዚያ ማሽን የቀን ወጪ 4,000 ብር ነው። እርግጥ የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ቢሆንም በቆጣሪ የሚሠራና በጄኔሬተር የሚሠራ መፈልፈያ በአንድ ገበያ እኩል ዋጋ ማስከፈል አይችሉም። ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ እንጂ አትርፎበት አይደለም።

ወንዙ ዳር ያሉት ሞተሮች

ወፍጮ ቤቶች ቢያንስ ሽቦ አላቸው። ከጉማራና ከርብ ዳር የሚያለማው ገበሬ ግን ሽቦው አይደርሰውም። ሩዙ ከተነሳ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ሜዳው ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል፤ ውኃው የሚወጣው በአብዛኛው በትንንሽ የቤንዚንና የናፍጣ ፓምፖች ነው። የአትክልት አምራቹ ራሱ ነጋዴ ነው፤ ምርቱ እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። የሽንኩርት ዋጋ በወደቀበት ዓመት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ለነዳጅ ያወጣው ገንዘብ ነው።

ፀሐይ ከዚህ ሥራ ጋር ትስማማለች። የጣና ዙሪያ በካሬ ሜትር በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያገኛል። ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወራት ደግሞ ማሳው ውኃ የሚፈልግበት ወራት ነው። በክረምት ደመናው ሲጫን ፓምፕ የሚያስፈልገው የለም፤ ሜዳው ራሱ ውኃ ነው። ባትሪም ግድ አይደለም። ፀሐይ ሲወጣ ፓምፑ ይስባል፣ ሲጠልቅ ያርፋል፤ ለሌሊት የሚፈለግ ነገር ካለ ውኃውን ከፍ ባለ ታንከር ማከማቸት ይቻላል። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በሮቢት ባታ ዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ተቋምና አጋሮቹ በአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ላይ የፀሐይ ፓምፖችን ሞክረዋል።

እንቅፋቱ መነሻ ገንዘቡ ነው። የፀሐይ ፓኔል ዋጋ ባለፉት 15 ዓመታት በዓለም ገበያ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። ሆኖም ፓኔሉ፣ ፓምፑና መቆጣጠሪያው በአንድ ላይ ሲገዙ ከቤንዚን ፓምፕ በብዙ እጥፍ ይወደዳሉ፤ የሚገዙትም በውጭ ምንዛሪ ነው። የቤንዚን ፓምፕ ዛሬ በርካሽ ተገዝቶ ለዓመታት ነዳጅ ይበላል፤ የፀሐዩ ወጪው ሁሉ መጀመሪያ ላይ ነው። በኬንያ ሰንከልቸር የተባለው ኩባንያ ገበሬው የፀሐይ ፓምፕ ወስዶ በሞባይል ገንዘብ በየጊዜው እየከፈለ የራሱ የሚያደርግበትን አሠራር አስፋፍቷል። በእኛም አገር ቴሌብር እስከ ገጠር መግባቱ ለዚህ ዓይነቱ አከፋፈል መንገድ ይከፍታል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ነዳጅ ውድ ሲሆን ገበሬው ውኃውን ይቆጥባል፤ የፀሐይ ፓምፕ አንዴ ከተተከለ ግን ተጨማሪ ሰዓት መሳብ ምንም አያስወጣም። በሕንድ የመስኖ ኤሌክትሪክ በነጻ ወይም በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ በተሰጠባቸው ግዛቶች የከርሰ ምድር ውኃ ክፉኛ ወርዷል። ጉማራ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀጭን ወንዝ ነው። ላይኛው አምራች ሁሉንም ከሳበው ታችኛው ሰው አሸዋ ይቀርለታል፤ ሐይቁም ድርሻውን ያጣል። ስለዚህ ፓኔሉ ከመምጣቱ ጋር የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ተራ የማስያዝ ሥልጣን አብሮ መጠናከር አለበት።

የገለፈቱ ክምር

ፎገራ ሌላም የኃይል ምንጭ አለው፤ እስካሁን ግን እንደ ቆሻሻ ነው የሚታየው። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። በደራ ወረዳ የጅግና፣ በፎገራ ወረዳ የሻጋ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጀመሩት፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም እጃቸው ነበረበት። በሰፊው የተዘራው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ ዋነኛ የሩዝ ምድር ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ አጠገብ ተቋቁሟል።

ከተፈለፈለ አምስት ኩንታል ሩዝ አንዱ ኩንታል ያህል ገለፈት ነው። የሩዝ ገለፈት ሻካራ ስለሆነ ከብት አይወደውም፣ ቶሎም አይበሰብስም። ስለዚህ በየመፈልፈያው ጀርባ ይከመራል፣ ይጣላል፣ ወይም ይቃጠላል። በሕንድ ቢሃር ግዛት ሐስክ ፓወር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይህንኑ ገለፈት በአነስተኛ ኦክስጅን እያቃጠለ ወደ ጋዝ ለውጦ ጄኔሬተር በማስነሳት ለመንደሮች መብራት ሸጧል። ድርጅቱ በኋላ ፀሐይን ጨመረበት፤ ምክንያቱም ጋዙ ሬንጅ እያስቀረ ሞተሩን ስለሚያስቸግርና በየዕለቱ የሠለጠነ ሰው እጅ ስለሚፈልግ። ለወረታ የሚቀለው ምናልባት ከዚህ ያነሰው እርምጃ ነው፤ ገለፈቱን በመጭመቂያ ማሽን ጨምቆ ለዳቦ ቤቶች፣ ለአረቄ አውጪዎችና ለሸክላ ሠሪዎች ማገዶ አድርጎ መሸጥ። እንዲህ ከሆነ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ የማያጠፋው ጭስ

የመፈልፈያውና የፓምፑ ነዳጅ ቢቀርም የሜዳው የልቀት ሒሳብ ባዶ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚለው፣ በ2010 አገሪቱ ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ በካይ ጋዝ ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከግብርናና ከደን ነው። የኃይል ማመንጫ፣ የትራንስፖርትና የኢንዱስትሪ ድርሻ እያንዳንዱ 3 በመቶ ያህል ነበር።

ፎገራ ላይ ይህ ቁጥር አካል አለው። በስሙ የሚጠራው የፎገራ ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን ይለቃል። ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳም አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የበሰበሰውን ሲፈጩ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ማሳውን ውኃ እያጠጡ በመሃል እያደረቁ ማምረትን ይመክራል፤ ሚቴኑ በጉልህ ይቀንሳል። ይህ ግን ውኃውን መክፈትና መዝጋት ለሚችል ገበሬ ነው፤ የፎገራ ሩዝ አብዛኛው የሚያድገው ሰማይ በሰጠውና ወንዝ ባመጣው ውኃ ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ የወረታን ጄኔሬተር ማጥፋት ዓለምን አያድንም። የሚያድነው የባለቤቱን ወጪ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ለሚገባው ነዳጅ የሚከፈለውን ዶላር ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ ጭስ የሚስበውን ጫኝና አውራጅ ሳንባ ነው። የካርቦኑ ቅነሳ ከእነዚህ ጋር አብሮ ይመጣል።

ከየት ይጀመር?

ለአንድ መፈልፈያ ባለቤት በጣም ርካሹ ሥራ ምንም ዓይነት ፓኔል አይፈልግም። ያረጀ፣ ተደጋግሞ የተጠቀለለ ሞተር መለወጥ፣ ቀበቶውን ማስተካከል፣ ሞተሩን በቀስታ የሚያስነሳ መሣሪያ መግጠም ይቻላል፤ ይህ የፍጆታ ሒሳቡንም የትራንስፎርመሩንም ጭንቀት ያቀልላል። ቀጥሎ ጎረቤት ወፍጮ ቤቶች ተባብረው ለሥራቸው የሚበቃ የራሳቸውን ትራንስፎርመር መጠየቅ ይችላሉ። ሦስተኛው ፀሐይ ነው። 15 ኪሎ ዋት ሞተርን እኩለ ቀን ላይ ለማሠራት 20 ኪሎ ዋት ያህል ፓኔል ያስፈልጋል፤ 500 ዋት የሆነ ፓኔል 40 ማለት ነው፤ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ይይዛል። ከመስመሩ ጋር አብሮ እንዲሠራ ከተገጠመ ቀን ላይ ከቆጣሪ የሚወሰደው ይቀንሳል፤ መብራት በሚሄድበት ሰዓትም እንዲሠራ ግን ያለ መስመሩ ብቻውን መቆም የሚችል ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ ተራው ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል።

ለዚህ ብድር የሚሰጡ ተቋማት አሉ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ማሽን በሊዝ ያቀርባል። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት ያደገው ጸደይ ባንክ ገበሬውን ከድሮም ያውቀዋል። አበዳሪው የሚጠይቀው ግን ማስረጃ ነው፤ በወቅቱ ስንት ኩንታል ተፈለፈለ፣ የመብራት ክፍያው ስንት ነበር፣ ስንት ሰዓት መብራት ጠፋ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ ተቃጠለ። ይህንን ከኅዳር እስከ የካቲት በደብተር የያዘ ባለቤት፣ ፓኔሉ በስንት ዓመት ዕዳውን እንደሚከፍል በራሱ ቁጥር ማሳየት ይችላል። ጄኔሬተሩም አይሸጥም፤ ለክፉ ቀን ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ በዓመት የሚጠጣው ናፍጣ ግን ከበርሜል ወደ ጀሪካን ይወርዳል።